የወደቀ ብቻ የሚገባበት በር

እስኪ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተማሪ ፈልጉና «እዚህ እንዴት ገባህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ብየዳ ስለምወድ ነው» ወይም «ከልጅነቴ ጀምሮ ሞተር ሲፈታና ሲገጠም ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው» የሚል ካገኛችሁ እሰየው። እኛ ከምናውቃቸው መካከል እንዲህ ብሎ የሚመልስ በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው መልሱ ሁለት ቃል ናት፦ «ነጥብ አልመጣልኝም።»

ልብ በሉ፣ ይህ መልስ ስለ ብየዳ ምንም አይናገርም። ስለ ልጁ ዝንባሌ፣ ስለ እጁ፣ ስለ ዓይኑ አይናገርም። የሚናገረው ሌላ ቦታ እንዳልተፈለገ ብቻ ነው። አገሪቱ መሐንዲስ ሲደመር ቴክኒሻን፣ ሐኪም ሲደመር ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ያስፈልጋታል እየተባለ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ተሰብኳል። ስብከቱ እውነት ነው። ችግሩ ሰባኪዎቹ የገዛ ልጃቸውን ወደዚያ አለመላካቸው ነው፤ እንዲያውም የሚላከው ሰው ሲላክ እንደተቀጣ እንዲሰማው አድርገው ነው ሥርዓቱን የሠሩት።

እኛ የምንለው አጭር ነው። በዚህ አገር ከ16 ዓመት በላይ ላሉ ተማሪዎች የሙያ ትምህርት በር ላይ «የወደቀ ብቻ ይግባ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ጽሑፉ እስካልተነሳ ድረስ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ ስም፣ አዲስ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም የግድግዳ ቀለም ነው።

ነገሩ የተጀመረው በደግ ሐሳብ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፈለው። እስከ 10ኛ ክፍል ሁሉም አንድ ላይ ይማራል፣ ከዚያ በኋላ ወይ መሰናዶ ወይ ቴክኒክና ሙያ። ወረቀቱ ላይ ስታዩት ሁለቱ መንገዶች እኩያ ናቸው፤ አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ወደ ሥራ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መንታ መንገዱ ላይ እንደ ወንፊት ተዘረጋ። ላይ የቀረው መሰናዶ ገባ። የወረደው ቴን ፕላስ ስሪ፣ ከሱ ዝቅ ያለው ቴን ፕላስ ቱ፣ ከሁሉም ዝቅ ያለው ቴን ፕላስ ዋን። ይህን አሠራር እስኪ ቆም ብላችሁ እዩት። በትምህርቱ የደከመ ልጅ የበለጠ ጊዜና የበለጠ አስተማሪ ያስፈልገዋል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም? ነጥቡ ባነሰ ቁጥር የሚሠለጥንበት ዘመንም አብሮ ያጥር ነበር!

ይህን ከምንጽፈው ልጆች አብዛኞቻችን ያንን ፈተና ከተፈተኑት የመጨረሻዎቹ ነን። ውጤት የወጣ ቀን ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ትናንት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን አንድ ደብተር ስንገለብጥ የነበርነው ልጆች በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ዓይነት ሰው ሆንን። መሰናዶ የገባነው የደንብ ልብሱን በኩራት ለበስን። ቴክኒክ የደረሳቸው ደግሞ ሰፈር ውስጥ በሌላ መንገድ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ቤት ውስጥ የሚደረገው ወሬም ያው ነበር፦

«ምን ደረሰህ?»

«ቴክኒክ።»

«ይሁን እንግዲህ። ከመቀመጥ ይሻላል።»

ከመቀመጥ ይሻላል! በገጽ በገጽ የተጻፉት ስትራቴጂዎች ሁሉ ሕዝብ ጆሮ ላይ ሲደርሱ የሚሆኑት ይህችን ነው። እናትየዋ አልተሳሳተችም። መንግሥት ራሱ በነጥብ አማካይነት የነገራትን ነው ወደ አማርኛ የተረጎመችው።

ከዚያ 2012 ዓ.ም. መጣና የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ። ብዙ ሰው አጨበጨበ፤ ለማጨብጨብም ምክንያት ነበረው። የ16 ዓመት ልጅን በአንድ ሳምንት ፈተና ዕድሜ ልኩን መፍረድ ጭካኔ ነው። ግን ወንፊቱ አልተጣለም። ተጠቅልሎ 12ኛ ክፍል በር ላይ ነው የተዘረጋው።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ኩረጃና የፈተና ስርቆት ሲገታ፣ የታየውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ2014 ከ896 ሺህ በላይ ተፈትነው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። በ2015 ከ845 ሺህ በላይ ተፈትነው 27,267። በ2016 ከ674 ሺህ በላይ ተፈትነው 36,409። በ2017 ከ585 ሺህ በላይ ተፈትነው 48,929 አለፉ፤ ይህም ከመቶ 8.4 ማለት ነውና «መሻሻል» ተባለ። አራቱን ዓመት ደምሩት፦ ሦስት ሚሊዮን ገደማ የፈተና ወንበር፣ 142 ሺህ ገደማ ያለፈ። (ደጋግሞ የተፈተነ ስላለ የሰዉ ቁጥር ከወንበሩ ያንሳል። እሺ፣ አነሰ እንበል። ልቡ የሚረጋ አለ?)

ፈተናው ከብዶ ነው የሚሉ አሉ። የወደቀው ትምህርት ቤቱ እንጂ ልጁ አይደለም የሚሉም አሉ፤ እኛ ከነዚህኞቹ ጋር ነን። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ሰነፍ ሊሆን አይችልም። ግን ዛሬ የምንጨቃጨቀው በዚህ አይደለም። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ እነዚያ ሁለት ዓመታት፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል፣ ለማን ነው የተሠሩት?

መልሱ ለስምንቱ ነው። ከመቶ ስምንቱ ዩኒቨርሲቲ ስለሚገቡ መቶውም ለዩኒቨርሲቲ ይዘጋጃሉ። ዘጠና ሁለቱ ካልኩለስ ጀምረው ሳይገባቸው፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሸምድደው ሳይዘልቁት፣ በ18 እና በ19 ዓመታቸው እጃቸው ላይ የወደቁበት ወረቀት ብቻ ይዘው ይወጣሉ። ድሮ በ16 ዓመቱ ወድቆ ቴክኒክ የገባው ልጅ ቢያንስ በ19 ዓመቱ የቴን ፕላስ ስሪ ዲፕሎማውን ይዞ ሥራ ይፈልግ ነበር። አሁን በ19 ዓመቱ «ምን ደረሰህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ፈተናው ሲቀር በልጁ ላይ የተጨመረለት ምሕረት ሳይሆን ሁለት ዓመት ነው፤ ያውም የቤተሰብ ደብተርና ትራንስፖርት፣ የገጠሩ ከሆነ ደግሞ የከተማ ቤት ኪራይ የተከፈለበት ሁለት ዓመት።

የመንግሥት ልብ የት እንዳለ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ሪሚዲያልን ተመልከቱ። 50 ያላመጡ ግን የተጠጉ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱ ተደረገ። ጥሩ ነው፤ የምንቃወመው አይደለም። ግን ልዩነቱን እዩት። ለዩኒቨርሲቲ ትንሽ ለጎደለው ልጅ ዓመት ተፈጠረለት፣ ዶርምና ካፌ ተፈቀደለት። ወደ ሙያ ለሚሄደው ልጅ ግን እንዲህ ያለ የታሰበበት መሸጋገሪያ የለም። ለሱ «ከመቀመጥ ይሻላል» በቂ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ መልስ ይመጣል፦ «ምን ይደረግ፣ ባህላችን ነው ሙያ የሚንቀው።» ይህ መልስ ያናድደናል። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ይበልጥ የሚያናድደን። ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስም የጠራ ኅብረተሰብ ነን፤ አንክድም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ስለባሰ ነው። ዛሬም ሽማግሌ ሲላክ «ልጁ ምን ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ «ቧንቧ ይሠራል» ብሎ ለመመለስ ጉሮሮውን የማይጠርግ ሽማግሌ ጥቂት ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛው በወር የሚያገኘው ከሽማግሌዎቹ ደመወዝ ተደምሮ ቢበልጥ እንኳ።

ግን ታሪኩ ይህ ብቻ አይደለም። ተግባረ ዕድ የሚለውን ስም አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? የእጅ ሥራ ማለት ነው፤ በግዕዝ ተከብሮ የተሰጠ ስም። በ1930ዎቹ የተከፈተው ያ ትምህርት ቤት የወደቀ የሚጣልበት አልነበረም። ኮሜርስም እንዲሁ፤ ከኮሜርስ የወጣ ጸሐፊና የሒሳብ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቶች የሚሻሙት ሰው ነበር። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲከፈት የገቡት ልጆች አለቀሱ የሚል አልሰማንም። አባቶቻችንን ብትጠይቁ ፖሊ ቴክኒክ የገባ ሰው ስሙ ሲጠራ እንዴት እንደነበር ይነግሯችኋል። እንግዲህ ያው ባህል፣ ያው ሕዝብ ነው። ምን ተለወጠ? የመግቢያው በር ነዋ! ያኔ ተመርጦ ይገባ ነበር፤ በኋላ ተርፎ የሚገባበት ሆነ።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ምፀት የሚመስል ነገር አለ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትና በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት፣ የአገሪቱን ሹማምንትና ምሁራን ያፈሩት ሁለቱ፣ በኋላ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሆኑ። አንዱ እንጦጦ ተባለ። ግቢው ያው ነው፣ ዛፉ ያው ነው፣ የድንጋዩ ሕንፃ ያው ነው። ክብሩ ግን ከሕንፃው ጋር አልተላለፈም። ሕንፃ ክብር የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ የሙያ ትምህርት በእንጦጦ በኩል ብቻ ነፃ በወጣ ነበር።

ወደ ውስጥ እንግባ። በሩን አልፎ የገባው ልጅ ምን ያገኛል? በወረቀት ደረጃ ያማረ ነገር። ሥልጠናው 70 ከመቶ ተግባር፣ 30 ከመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን፣ ተግባሩም ከድርጅቶች ጋር በትብብር ሥልጠና እንዲሰጥ ተባለ። ሲጨርስ የሲኦሲ ምዘና ይወስዳል፣ በሌቭል ይመደባል። ወረቀቱን የጻፉት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም።

አሁን ልጁን ተከትለን ጋራዥ እንሂድ። ኮሌጅ ውስጥ የተሰጠው ሞጁል በእንግሊዝኛ ነው። ልብ በሉ፣ እንግሊዝኛ ወድቆ ነው እዚህ የተላከው! ሞጁሉ ላይ ስክሩድራይቨር፣ ፕላየርስ፣ ቤንች ቫይስ የሚል አንብቦ፣ ፈተናውን በኤ ቢ ሲ ዲ ከቦ አልፎ ነው የመጣው። ጋራዡ ውስጥ አለቃው ከመኪና ሥር ሆኖ «ካቻቢቴ አቀብለኝ!» ይለዋል። ልጁ ይቆማል። «ፒንሳ!» ይለዋል። ይቆማል። «ሞርሳው ላይ እሰረው!» ምኑን፣ የት? የጋራዡ ቋንቋ ከጣልያን የወረስነው፣ በአማርኛ ያገባነው፣ ሰማንያ ዓመት የሠራንበት ቋንቋ ነው። አንድ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰባተኛ ወይም ሶማሌ ተራ ተቀምጦ ቢያዳምጥ የሞጁሉን ግማሽ እንደገና ይጽፈው ነበር። አልተቀመጠም። እናም ልጁ በሁለተኛው ቀን ሻይ ይላካል፣ በሦስተኛው ቀን መኪና ያጥባል፣ በሁለተኛው ወር «የትብብር ሥልጠናውን በሚገባ አጠናቋል» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ይመለሳል።

ባለጋራዡ ክፉ ሰው አይደለም። ለምን ያሠለጥነው? ምን ያገኛል? መሣሪያ ቢሰበር ማን ይከፍላል? ሠልጥኖ ሲጨርስ ጎረቤት ጋራዥ ቢሄድስ? ማንም አልመለሰለትም። እንደ በጎ አድራጊ ተቆጥሮ በደብዳቤ ብቻ ተጠየቀ። ልጁም እንደዚያው፤ ደመወዝ ቀርቶ የታክሲ እንኳ የሚሰጠው የለም። ከቃሊቲ ፒያሳ በየቀኑ ተመላልሶ ሻይ የሚላክ ልጅ ሙያውን ቢጠላ ምን ይፈረድበታል?

ይህ ሥርዓት ከየት እንደተቀዳ የታወቀ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣውን ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂና በዙሪያው የነበረውን ሥራ ጀርመኖች በገንዘብም በባለሙያም ደግፈዋል። ኮብልስቶኑም በነሱ በኩል ነው የመጣው። (ኮብልስቶን መቀለጃ ሆኖ ቀረ እንጂ ብዙ ወጣት ድንጋይ ጠርቦ ቤተሰብ አስተዳድሮበታል፤ የቀለድነው በዲግሪ የተመረቀ ሰው ስለጠረበ ነበር እንጂ በድንጋዩ አይደለም።) ነገር ግን ስንቀዳ ሽፋኑን ቀድተን ሆዱን ተውነው። ጀርመን ውስጥ ሙያ የሚማር ወጣት በመጀመሪያ ከድርጅት ጋር ውል ይፈራረማል። ሠልጣኝ ቢሆንም ወርሃዊ ክፍያ አለው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሙያ ትምህርት ቤት ይማራል፣ የቀረውን ቀን ሥራ ቦታ ነው። ሙያው ከሁለት ዓመት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ሲጨርስ የሚፈትነው የንግድ ወይም የእጅ ሙያ ምክር ቤቱ ነው፤ ማለትም ነገ የሚቀጥሩት ሰዎች ናቸው «ችሏል» የሚሉት። ከዚያም በላይ፣ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በሙያው የማይስተር ማዕረግ የደረሰ ሰው ዩኒቨርሲቲ መግባት እንዲችል በሩ በአገር አቀፍ ደረጃ ተከፍቶለታል።

ጀርመንንም አናምልካት። እዚያም ልጆች ገና በ10 ዓመታቸው በተለያየ ዓይነት ትምህርት ቤት ይለያያሉ፤ የደሃና የስደተኛ ልጅ ዝቅ ወዳለው መንገድ በብዛት እንደሚሄድ ራሳቸው ጀርመኖቹ ይከራከሩበታል። ይህንን የምናነሳው በእኛ ላይ የሚመጣውን በጣም ከባድ ተቃውሞ ስለሚመለከት ነው።

ተቃውሞው እንዲህ ይላል፦ «ልጆች በ16 ዓመታቸው ሙያ ይምረጡ ስትሉ፣ የሚመርጡት የነማን ልጆች ናቸው? የባለሀብቱ ልጅ ግል ትምህርት ቤት ተምሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የሊስትሮው ልጅ ‹ብየዳ ተማር› ይባላል። እናንተ ምርጫ የምትሉት የመደብ አጥር ነው።» ይህን የሚሉን ጓደኞቻችን አሉ፤ ከሌላው ተቃውሞ ሁሉ ይልቅ እሱን እናከብራለን። መልሳችን ሁለት ነው።

አንደኛው፣ አጥሩ አሁንም አለ፤ ያውም የሾህ። ባለፉት ዓመታት 50 ያለፉት ልጆች ከየት እንደመጡ ማየት በቂ ነው፤ አንድም ካላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የባለሥልጣን ልጅ ፈልጋችሁ አምጡልን። የሊስትሮው ልጅ አሁንም ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ልዩነቱ ብየዳም አልተማረም። ሁለተኛው መልስ ይበልጣል። ሙያ እስር ቤት የሚሆነው መውጫ ሲያጣ ነው። አንድ ልጅ በ16 ዓመቱ ኤሌክትሪክ መርጦ፣ በ19 ዓመቱ ሠርቶ፣ በ24 ዓመቱ «አሁን ምህንድስና መማር እፈልጋለሁ» ቢል የሚገባበት በር ካለ፣ ምርጫው ፍርድ አይሆንም። በሩ ከሌለ ግን በ16 ዓመት የተመረጠው ነገር የዕድሜ ልክ ነው፤ ያኔ ጓደኞቻችን ልክ ናቸው፣ እኛም ከነሱ ጋር እንሰለፋለን።

ይህ በር በወረቀት ላይ ኖሮ ያውቃል። ሌቭል 4 ጨርሶ ሲኦሲ ያለፈ ሰው ወደ ዲግሪ የሚቀጥልበት ሕግ ወጥቶ ነበር። ግን የተጠቀሙበት ሰዎች በአብዛኛው ማታ ማታ በግል ኮሌጅ ከፍለው፣ ያውም ከሙያቸው ወጥተው ማኔጅመንትና አካውንቲንግ የተማሩት ናቸው። ለምን? ብየዳው ስለማያስከብር ነዋ። ጎበዝ ባለሙያ ከሙያው ሸሽቶ ቢሮ እንዲገባ የሚያግዝ መሰላል ወደ ላይ የሚወስድ መሰላል አይደለም፤ ማምለጫ ነው። እኛ የምንፈልገው ባለሙያው ከነሙያው የሚወጣበትን ነው። ሥራ ቦታ ያሳለፈው ዓመት የሚቆጠርለት፣ ያወቀውን ዳግመኛ ከሀ ሁ እንዲጀምር የማይገደድበት፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሱ ተብሎ የተያዘ ወንበር ያለበት። የማሽን ድምፅ ሰምቶ ብልሽቱን የሚያውቅ ሰው ቴርሞዳይናሚክስ ቢማር ምን ዓይነት መሐንዲስ ይወጣው እንደነበር አስቡት።

በነገራችን ላይ የሲኦሲ ወረቀት በጣም የተፈለገበት አንድ ቦታ አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ (ቁጥር 923) ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው 8ኛ ክፍል የጨረሰና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን አዘዘ። ስለዚህ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ገልፍ አገሮች የሚሄዱ እኅቶቻችን ሲኦሲ ሰልፍ ላይ ተሰለፉ። ሕጉ የወጣው እነሱን ለመጠበቅ ነው፣ አንወቅስም። ነገር ግን አንድ አገር የሙያ ምስክር ወረቀቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያገለግለው ከአገር ለመውጣት ሲሆን፣ ስለ ሙያ ትምህርቱ አንድ ነገር እየተነገረው ነው።

ባለሥልጣናቱስ በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን አደረጉ? ቤት ቀየሩ። የሙያ ሥልጠናው በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ነበር። በ2011 ዓ.ም. ወደ አዲሱ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛወረ። በ2014 ዓ.ም. ያ ሚኒስቴር ሲፈርስ ሥልጠናው ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደ። በሦስት ዓመት ሦስት አከራይ! የአዲስ አበባ ተከራይ እንኳ እንዲህ አይንከራተትም። በየዝውውሩ ማኅተም ይቀረጻል፣ ታፔላ ይተካል፣ መዋቅር ይሠራል፤ ጋራዡ ውስጥ ያለው ልጅ ሻይ እንደተላከ ነው።

አንድ ነገር እናመስግን። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ 11ኛና 12ኛ ክፍል ውስጥ የሙያ ትምህርት እንዲገባ አድርጓል። መቶውንም ለስምንቱ ከማዘጋጀት ለመውጣት የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን ይችላል። ግን ወርክሾፕ በሌለበት፣ ተማሪው ሞርሳ በዓይኑ አይቶ በማያውቅበት ክፍል፣ ስለ ብየዳ በሰሌዳ ላይ የሚሰጥ ትምህርት አንድ ተጨማሪ የሚሸመደድ ትምህርት ነው። ትምህርት ቤቱ መሣሪያ ከሌለው፣ አጠገቡ ያለው የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን እዚያ ሄዶ ቢሠራ ምን ይጎዳል? አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ሁለት ሚኒስትሮች አንድ ቡና ጠጥተው መፈራረም ብቻ ነው የሚጠይቀው። ያ ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ፈተናውን ቢያልፍ እሰየው፣ ባያልፍ ሌቭል 1 እና 2 ኪሱ ውስጥ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ጎበዙም ሰነፉም፣ የደሃውም የሀብታሙም ልጅ አንድ ቦታ ቆሞ እጁን ግራሶ ሲነካው አብረው ስለሚያዩት፣ ግራሶ የወድቀት ምልክት መሆኑ ይቀራል።

ባለድርጅቱም ሠልጣኝ ሲቀበል ከግብሩ ይቀነስለት። ሠልጣኙ ቢያንስ የታክሲና የምሳ ይከፈለው፤ ውል ይኑረው፣ ያንን ውል የሚያይ ሰውም ይኑር። «በጀት የለም» ይባላል። በሦስት ዓመት ውስጥ ለሦስት ታፔላ በጀት ነበረ።

እና የቀረው ቅጹ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን በተርታ የሚሞላበት ቅጽ አለ። የሙያ ኮሌጅ ግን ከውጤት በኋላ፣ መቁረጫ ነጥብ ከወጣ በኋላ፣ በሌላ ማስታወቂያ፣ በሌላ ሰልፍ ነው የሚመጣው። ይህ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፦ ከፈተናው በፊት፣ በዚያው ቅጽ ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ስም ጋር ተቀላቅሎ ተግባረ ዕድ ይጻፍ፣ እንጦጦ ይጻፍ፣ ዊንጌት ይጻፍ። ወንበራቸውም የተወሰነ ይሁን፤ የሚፈልጋቸው ከበዛ ይወዳደሩበት። 70 ያመጣ ልጅ አንደኛ ምርጫው አድርጎ ሞልቷቸው ሲገባ፣ የዚያን ልጅ እናት ሰፈር ውስጥ ምን ብላ እንደምታወራ እኛ ለመስማት ቸኩለናል።